ያልተዘራበት ማሰሮ

መምህር ገረመው የሥነ ልቦናን ትምህርት የሚጀምረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከተክል ነው። ያን ዓመትም በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ ማሰሮ ይዞ ተማሪዎቹ ክፍል ገባና መስኮቱ ሥር አስቀመጠው። አስተናግር ነው አላቸው፤ ያ በየቆሻሻ መጣያው የሚበቅለው፣ የቀመሰውን ሰው የሚያስለፈልፈው ተክል። ድሮ በእሱ አገር ዕቃ ሲጠፋ ሽማግሎች ይህን ተክል ሸፍነው መሀል ያስቀምጡታል። ሰው ሁሉ በተራ እጁን ውኃ ውስጥ ነክሮ ይረጭበታል፤ በሆዱ የደበቀ ካለ ሳይጠየቅ ይለፈልፋል። ጨርቁን ግን ማንም አይገልጥም።

ማሰሮው ውስጥ አፈር እንጂ ሌላ አልነበረም። ገረመው በሳምንቱ ገልጦ፣ አያችሁ፣ ያስለፈለፋችሁ ፍርሃታችሁ ነው ሊላቸው ነበር። ደግ ሐሳብ ነበር፤ ምን ያደርጋል።

በበሩ ላይ ውኃ የሞላ ባልዲ ተቀመጠ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ እየሳቁ ረጩ። ቆይቶ ሳቁ ቀረ፤ መርጨቱ ቀጠለ። አንዱ ፈተና መኮረጁን ተናገረ። ሌላው የራሱን ትቶ የጓደኛውን ተናገረ። ሳይረጭ የገባን ሰው በዓይን ጥግ ማየት መጣ።

ወሬው ለኮሌጁ ዲን ለአቶ ዳምጠው ደረሰ፤ እሳቸውም ደስ አላቸው። ገረመውን አስጠርተው ወንበር ጋበዙትና፣ "ልጆቹ እንዲህ ታርመው አያውቁም፤ ለምን ትገልጠዋለህ?" አሉት። የሥራ ውሉ የሚታደስበት ሰሞን ነበርና ገረመው ዝም አለ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባል የለ!

ከክፍሉ ያልረጨች አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ ማስተዋል ትባላለች።

"መምህር፣ ተክል ከሆነ ፀሐይ ይየው እንጂ። እንግለጠው" አለች።

ከዚያ ወዲያ ሰላም የሚላት ጠፋ። ይገለጥ የሚል ሰው የሚደብቀው ቢኖር ነው ተባለ። በመጨረሻም ተማሪው በአንድ ድምፅ ትባረርልን አለ፤ ዲኑም እሺ አሉ። ገረመው እንቅልፍ አጣ። አንዲት ቃል ከአፉ ብትወጣ ልጅቱ ትድናለች፤ እሱ ግን ውሉን እያሰበ ቀናት አሳለፈ።

የስንብቷ ቀን ጠዋት ቆረጠ። ተማሪው ተሰብስቧል፤ ዲኑ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ማስተዋል ቦርሳዋን ታቅፋ ጥግ ይዛለች። ገረመው እንደ ሰው ሁሉ በባልዲው በኩል አልፎ ገባና ፊታቸው ቆመ።

"ልጆቼ፣ ዋሽቻችኋለሁ" አለ። "ምንም አልተከልኩም፤ አፈር ብቻ ነው። ይቺ ልጅ እውነቷን ነው።"

"እንግዲያው ይገለጣ" አሉ ዲኑ፣ ሳይቆጡ።

ወደ ማሰሮው ሲጠጋ ነው ልብ ያለው። ጠፍጣፋ የነበረው ጨርቅ መሀሉ ላይ ከፍ ብሏል፤ ከሥሩ ጣት የቆመ ይመስላል። ገለጠው። ፀሐይ ያላየ ነጭ ቀንበጥ አፈሩን ሰንጥቆ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

ማስተዋል ቀንበጡን አየች፤ ቀጥላ መምህሯን አየች፤ ቦርሳዋን እንዳቀፈች ወጣች። የጠራት የለም።

"እኔ አልዘራሁም" አለ ገረመው። "ማን ነው ያበቀለው?"

ዞሮ የተማሪዎቹን እጅ አየ፤ የሁሉም እርጥብ ነው። አፍሮ የገዛ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ፣ ከጣቶቹ ውኃው ገና ይንጠባጠብ ነበር።