የኋላ ጎማዎች የእኩልነት ጥያቄ

ታላላቅ ሥራዎች የሚሠሩት በታላላቅ ከተሞች ብቻ ነው የሚል የተሳሳተ አስተሳሰብ አለ። በዘጠነኛው የአብዮት በዓል ዋዜማ፣ በእኛው በነገሌ፣ የሚከፋው ስለማይጠፋ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት፣ የአንዲት ትንሽ መኪና የኋላ ጎማዎች ከዘመናት ጭቆና ነፃ ወጥተዋል። ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ አይደለም። የመሥሪያ ቤቱ የቃለ ጉባኤ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። የሆነውን ሁሉ በእጄ ጽፌዋለሁ፤ ያልሆነውንም ጭምር።

መኪናችን ነጭ ፊያት ነበረች። በሳምንት ሁለት ቀን ነርስ ሣራን ከነክትባት ሣጥኗ ወደ ሊበን መንደሮች ታደርሳለች። በቀሩት ቀናት ኃላፊያችንን ጓድ በላይነህን ከቤታቸው ሁለት መቶ እርምጃ ወደሚርቀው ቢሯቸው ታመላልሳለች። ሹፌሩ ኦቦ ጃልዴሳ ይባላሉ። ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት ነበር የቀራቸው። ያቺን አንድ ዓመት ያለ እንከን ከጨረሱ ጡረታቸውን ይዘው ወደ ላሞቻቸው ይመለሳሉ፤ ባለቤታቸው ጉያቱም ቀኑን በጣቷ ትቆጥር ነበር።

ጓድ በላይነህ በአንድ ወዳጅ አገር የሦስት ወር ሴሚናር ተካፍለው በተመለሱ በሳምንቱ የመኪናዋ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ሲቀየር እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው አዩ።

«ይህ ክብ ብረት ምንድነው?» አሉ።

«ታምቡር ነው ጓድ። የኋላው ፍሬን እሱ ውስጥ ነው ያለው» አሉ ኦቦ ጃልዴሳ።

«የፊቱስ?»

«የፊቱ ዲስክ ነው።»

ጓድ በላይነህ ጎንበስ ብለው የሚያብለጨልጨውን የፊት ዲስክ ተመለከቱ፤ ቀጥሎ አቧራ የለበሰውን የኋላ ታምቡር ተመለከቱ፤ ከዚያም ደብተራቸውን አውጥተው ማስታወሻ ያዙ። መጠርጠር የነበረብን ያኔ ነበር።

በማግስቱ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ጓድ በላይነህ ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በወዛደሩ ትግል ታሪክ ውስጥ ሲመላለሱ ቆይተው ወደ መኪናዋ ደረሱ። «ጓዶች፣ ከፊት ያሉት ጥቂት ጎማዎች በዲስክ ተንፈላሰው፣ ከኋላ ያለው ሰፊው ጎማ በፊውዳል ታምቡር እስከ መቼ ይማቅቃል?» ብለው ጠየቁ። ከፊት ሁለት፣ ከኋላም ሁለት መሆናቸውን ያነሳ አልነበረም። እኔም «ጥልቅ ትንታኔ ተሰጠ» ብዬ ጻፍኩ።

ኦቦ ጃልዴሳ ለመናገር እጃቸውን አወጡ። በዚያው ቅጽበት ጓድ በላይነህ «የምትደግፉ» አሉ። የሽማግሌው እጅ ከሌሎቹ እጆች ጋር ተቆጠረ፤ የቆጠርኩትም እኔ ነኝ። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅና በጭብጨባ ከጸደቀ በኋላ ሽማግሌው የመናገር ዕድል አገኙ።

«ጓድ፣ አንቱ ያሉት ጥሩ ነው። ግን የእጅ ፍሬኑ ገመድ የሚስበው ታምቡሩን ነው። ታምቡሩን ካወጣን የእጅ ፍሬን የለንም። ማርሿም አርጅቷል፣ አስገብቼ ስወርድ ያመልጣል። መኪናዋ የምትቆመው በምንድነው?»

ጓድ በላይነህ በአዘኔታ ፈገግ አሉ። «ጓድ ጃልዴሳ፣ አንተ የምታስበው ስለ መቆም ነው። እኛ የምናስበው ስለ መሄድ ነው» አሉ። ይህን ቃል በቃል ጽፌ ከሥሩ አሰመርኩበት።

መኪናዋ ወደ ዳዳቻ ጋራዥ ተወሰደች። ዳዳቻ ብረት ሲበላሽበት እንደ ታመመ ጥጃ የሚያዝን መካኒክ ነው። «ናጋ፣ ሰላም ነው፣ ኦቦ ጃልዴሳ?» አላቸው። «እስካሁን ናጋ ነበርን። ደህናዋን ልናስበላሽ መጥተናል» አሉት። ዳዳቻ አሬሮ መንገድ ላይ ተገልብጣ ከቀረች ሌላ ፊያት የፊት ዲስኮቿን አውጥቶ፣ ማሰሪያ ብረት ቀጥቅጦ፣ በሦስት ቀን የኛይቱ ኋላ ላይ ገጠማቸው። ሥራው የሚያምር ነበር። የሚስበው ያጣውን የእጅ ፍሬን ገመድ ጠቅልሎ በሽቦ አሰረው፤ የተነቀሉትን ታምቡሮች በጆንያ ቋጥሮ ለሽማግሌው ሰጣቸው። «አይጣሏቸው። ብረት አይከፋም» አላቸው። የእጅ ፍሬኑ እጀታ ግን በቦታው ቀረ። ምንም ሳይስቡ ቦታ ይዞ መቀመጥ በመሥሪያ ቤታችን እንግዳ ነገር ስላልነበረ ማንም ልብ አላለውም።

መሥሪያ ቤታችን ያለው ተዳፋት ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን መኪናዋ ሹፌሯ እንደወረዱ ተከትላቸው ወረደችና አጥሩን ነካች። ስለዚህ ድንጋይ መጣ። ድንጋዩ ከኋላ ጎማዋ ሥር ሲደረግ መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። የመንግሥት መኪና ግን በባለቤት አልባ ድንጋይ ሊቆም ስለማይገባው ድንጋዩ ንብረት ክፍል ገብቶ ቁጥር 47 ተሰጠው፤ ቁጥሩም በቀይ ቀለም ተጻፈበት። ጥበቃው ጃርሶ «የተሽከርካሪ ማረጋጊያ ኃላፊ» ተብሎ ደብዳቤ ደረሰው። ወደ ሊበን ሲኬድ ነርስ ሣራ የክትባት ሣጥኑን ጭኗ ላይ፣ ቁጥር 47ን እግሯ ሥር አድርጋ ትሄዳለች። በጠጠሩ ላይ ፍሬን ሲያዝ የኋላዎቹ ቀድመው እየያዙ መኪናዋን ወደ ጎን ያዞሯታል። ሣራ የመካነ ኢየሱስ አማኝ፣ የዋህ ሴት ናት። «ኋለኞች ፊተኞች ይሆናሉ ተብሎ የለ» ትላለች፣ በቀስታ፣ ሰው በማይሰማት ቦታ።

የበዓሉ ቀን ደረሰ። ከክፍለ ሀገር ትልቅ እንግዳ መጡ። መኪናችን ታጥባ፣ ባንዲራ ለብሳ፣ ከመድረኩ በላይ ካለው አቀበት ላይ ለጉብኝት ቆመች። ጓድ በላይነህ ከንግግራቸው በፊት ሊያዩዋት ወጡና ቀይ ቁጥር የተጻፈበትን ድንጋይ አዩ።

«በዲስክ ዘመን ድንጋይ? እንግዳው ምን ይላሉ?» አሉ።

ኦቦ ጃልዴሳ «አይንኩት ጓድ፣ እባክዎን» አሉ። ጓድ በላይነህ ግን ሕዝብ እያያቸው በገዛ እጃቸው ድንጋዩን አንስተው ወደ ጎን አስቀመጡ። እጃቸውን በመሐረብ ጠርገው ወደ መድረክ ወረዱ። ማርሹ ለጥቂት ጊዜ ይዞላቸው ነበር፤ ለክብራቸው ሲል ይመስለኛል።

«ጓዶች፣ የጀመርነውን ጉዞ የሚገታ ምድራዊ ኃይል የለም» ሲሉ መኪናዋ ተነሳች። ሹፌር አልባ ሆና፣ ባንዲራዋን እያውለበለበች፣ በመድረኩ ፊት በዝግታ አለፈች። ሕዝቡ የፕሮግራሙ አካል መስሎት አጨበጨበ። እንግዳውም አጨበጨቡ። የሚገታ ኃይል የተገኘው ከሜዳው ማዶ ነው፤ አንድ ትልቅ ኩይሳ ነበር። ሰው አልተጎዳም። ኩይሳውም እምብዛም አልተጎዳም።

እንግዳው ተጠያቂው ማነው ብለው ስለጠየቁ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው ጓድ በላይነህ ሆኑ። ኦቦ ጃልዴሳ በአሻጥር ተጠርጥረው ሦስት ቀን ታሰሩ። ማስረጃው የእኔ ቃለ ጉባኤ ነበር፤ ዲስኩን ደግፈው እጃቸውን ማውጣታቸው በግልጽ ተጽፏል። ጉያቱ ጠዋትና ማታ ወተት ይዛ ወደ ጣቢያ ስትመላለስ በቢሯችን ደጅ ታልፍ ነበር። አፈርኩ። ቢሆንም ጸሐፊ ነኝና ዝም አልኩ።

በአራተኛው ቀን ሽማግሌውን ኮሚቴው ፊት አቀረቧቸው። ጡረታቸው፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ በዚያች ጠረጴዛ ላይ ነበር። ለምን መኪናዋን አላቆምክም ተባሉ።

ኦቦ ጃልዴሳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔ አቁሜያት ነበር» አሉ። «በእኛ ዘንድ የታሰረ ከብት ተፈቶ የሰው እህል ቢበላ፣ ያሰረው አይጠየቅም። ገመዱን የፈታው ነው የሚጠየቀው። ድንጋዩን ያነሳው ማነው?»

ከተማው ሁሉ ያነሳውን አይቷል። ጓድ በላይነህ ብርጭቆ ውሃ ጠጡ፤ ሌላም ጠጡ፤ ከዚያ ለሻይ ዕረፍት ወጡ። ሲመለሱ ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወስኖ ነበር፦ ንብረት ቁጥር 47 ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ ገበታው በመነሳቱ ጥፋተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ድንጋዩ እስከሚቀጥለው ትእዛዝ ድረስ በመጋዘን ተቆለፈበት። ኦቦ ጃልዴሳ የቃል ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸው ተለቀቁ።

መኪናዋ ተስተካክላ ወጣች፤ ማቆሚያ ግን የላትም። ተለዋጭ ድንጋይ ለመመደብ በጀት ዓመቱ መዞር ነበረበት። ኦቦ ጃልዴሳ አንድ ቅዳሜ ያንን የታምቡሮች ጆንያ ተሸክመው ዳዳቻ ዘንድ ሄዱ። ሰኞ ጠዋት መኪናዋ በተዳፋቱ ላይ ያለ ድንጋይ ቆማ ተገኘች።

ጓድ በላይነህ እያዩ ማመን አቃታቸው። ገብተው እጀታውን ለቀቁት፤ መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። ሳቡት፤ ቆመች። ጎማውን ያስፈታ፣ ከሥሩ ጎንበስ ብሎ ያየ አልነበረም። ጓድ በላይነህ ወጥተው «ዲስክ መላመጃ ጊዜ እንደሚፈልግ ከመጀመሪያው ተናግሬ ነበር» አሉ። አልተናገሩም፤ እኔ ግን የድሮውን ቃለ ጉባኤ አውጥቼ ጨመርኩበት።

ሪፖርቱ ወደ ክፍለ ሀገር ሄደ። በወሩ ሰርኩላር መጣ፦ በአውራጃው ያሉ አሥራ አንድ የመንግሥት መኪናዎች በሙሉ የኋላ ታምቡራቸውን አውልቀው ዲስክ እንዲያስገጥሙ። ጓድ በላይነህ የዘመቻው መሪ ሆነው ተሾሙ። ኦቦ ጃልዴሳም ኮከብ ሠራተኛ ተብለው አሠልጣኝ ተደረጉ።

ለብቻችን ስንሆን «ኦቦ፣ ለምን እውነቱን አይነግሯቸውም?» አልኳቸው።

«ብነግራቸው ምን ይሉታል?»

«አሻጥር።»

«እንግዲያስ ና፣ አግዘኝ» አሉኝ።

ወደ ደረቁ ወንዝ ወረድን። ድንጋይ እያገላበጡ አንዱን ጠፍጣፋ ይመርጣሉ፣ ሌላውን ይጥላሉ። ለእያንዳንዱ መኪና ሁለት ሁለት ያዙ። ለምን ሁለት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «አንዱ ለጎማው ነው። አንዱ ደግሞ ያኛው ሲታሰር» አሉኝ። ሳቅኩ፤ ጡረታቸው ሰባት ወር እንደቀረው ትዝ ሲለኝ ሳቄን ተውኩ። ሃያ ሁለቱን ድንጋይ በፊያቷ ጭነን ተመለስን። በዚያ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሠራሁት የሚረባ ሥራ ያ ብቻ ይመስለኛል።

ጓድ በላይነህ በር ላይ ጠበቁን። ጭነቱን አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁ።

ኦቦ ጃልዴሳ የእጅ ፍሬኑን እጀታ ስበው፣ ወርደው፣ በሩን በእርጋታ ዘጉ። «ለሥልጠናው መርጃ መሣሪያ ነው፣ ጓድ» አሉ።

ጓድ በላይነህ ደስ አላቸው። ወደ እኔ ዞረው በንብረትነት እንዲመዘገብ አዘዙ። ቀዩን ቀለም አውጥቼ እስከ ማታ ከ48 እስከ 69 ጻፍኩ።