ጽዳቱ የተሰረዘበት ግቢ

በሐይቁ ዳር፣ ለሠላሳ ስድስት ዓመት የባትሪ ፋብሪካ በቆመበት ግቢ ላይ፣ የተመረዘው አፈር ሳይነሣ የሕፃናት መጫወቻ ተከፈተ። ይህ ጥርጣሬ አይደለም፤ በቁጥር፣ በቀንና በፊርማ የተረጋገጠ ነው። ፈራሚውም ስውር ሰው አይደሉም።

እንዲያውም የማያውቃቸው የለም። በየትኛውም መሥሪያ ቤት ሥራን በእጁ ሳይሆን በአፉ የሚጨርስ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ያለ እሱ የምረቃ መቀሱ ሁሉ ዝጎ፣ ሪባኑ ሁሉ እንደተጠቀለለ አርጅቶ በቀረ ነበር። የኚህኛው ማዕረግ የፓርኮች ልማት ኃላፊ ነው። ሠራተኞቻቸው ግን ከአፋቸው ከማትጠፋው ቃል ተነሥተው «ክቡር አቶ ተጠናቋል» ይሏቸዋል።

የመሥሪያ ቤቱን ሊፍት የመረቁ ዕለት፣ ሊፍቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ይዟቸው ቆመ። ከውስጥ የተሰማው ግን የተጨነቀ ሰው ድምፅ አልነበረም። «አይዟችሁ! ሊፍቱ ተጠናቋል፤ የቀረው መንቀሳቀሱ ብቻ ነው!» ውሃ ያልገባለትን የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ሲመርቁም ቧንቧውን ከፍተው፣ በደረቁ እጃቸውን ታጥበው፣ በመሐረብ አደራርቀዋል። ባለቤታቸው «እኔ ገና ሽንኩርት ስልጥ፣ እሱ ምሳው ተጠናቋል ብሎ እንግዳ ይዞ ከች ይላል» እያሉ ያማርራሉ።

የመሥሪያ ቤቱ የአፈር መርማሪ በዚህ ሁሉ ለአሥራ አንድ ዓመት ከልቧ ስትስቅ ኖራለች። እናቷ ሆስፒታል በተኙ ጊዜ፣ ወር ሙሉ በየቀኑ እየመጡ፣ አልጋው ግርጌ ቆመው «እትዬ፣ ሕመሙ ተጠናቋል! ይነሡ እንጂ!» ይሉ የነበሩት እኚሁ ሰው ናቸው። እናቷ በዚያ ወር የሳቁት በዚህች ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው መክሰስ ቀላል አይደለም። ቢሆንም ክሱ የሚከተለው ነው።

መርማሪዋ በግቢው ሃያ ሁለት ጉድጓድ አስቆፍራ ናሙና ወሰደች። በአሥራ ዘጠኙ እርሳስ ተገኘ፤ የሚጻፍበት ሳይሆን፣ በአፍ ገብቶ የሕፃን አእምሮ የሚያደነዝዘው ብረት። መጠኑ ለመጫወቻ ቦታ ከተፈቀደው አሥራ አራት እጥፍ ነበር። አፈሩ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ተቆፍሮ እንዲነሣ ዕቅድ አቀረበች፤ የመሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ ተቀበለው። እሷም በቃለ ጉባኤው ላይ በእጇ «የሐይቁ ዳር ግቢ ጽዳት ጸድቋል» ብላ ጻፈች።

የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ስትተይበው «ቋ»ን «ቷ» አደረገቻት፦ «የሐይቁ ዳር ግቢ ጽዳት ጸድቷል።» እስከዚህ ድረስ የጣት ስሕተት ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ስለሚያነክስ ልብ ብሎ ያነበበ ሰው ያርመው ነበር። ክቡርነታቸው ግን አማርኛ አዋቂ ናቸው። «‹ጽዳት ጸድቷል›? ይሄ ምን ዓይነት ድግግሞሽ ነው!» አሉና በቀይ እስክሪብቶ «ጽዳት» የሚለውን ሰረዙት። የተረፈው እንከን የማይወጣለት ነበር፦ «የሐይቁ ዳር ግቢ ጸድቷል።» ሰዋስው ዳነ። ፈረሙ። በዚያ ፊርማ ግቢው አንድ ስንዝር አሸዋ ለበሰ፣ ዥዋዥዌ ተተከለ፣ ዓረፍተ ነገሩም በሰሌዳ ተጽፎ በሩ ላይ ቆመ።

መርማሪዋ ሰሌዳውን ያየችው ከሌላ መስክ ስትመለስ፣ በምረቃው ማግስት ነው። ወረቀቷን ይዛ ቢሯቸው ገባች።

«ጋሼ፣ እኔ የጻፍኩት ጸድቋል ነው፤ በ‹ቋ›።»

«ምን ልዩነት አለው ልጄ?»

«ጸድቋል ማለት ይሠራ ተባለ ማለት ነው። ጸድቷል ማለት ተሠርቶ አለቀ።»

«ታዲያ መጽደቅ ከመጽዳት አይበልጥም?» ብለው በገዛ ቀልዳቸው ሳቁ። «በአንዲት ፊደል አትጨቅጭቂኝ። አሸዋ አልብሰነው የለ?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ጋሼ። ልጆች እኮ አሸዋ ይቆፍራሉ። ቢያንስ ግቢው ይታጠር።»

«ይታያል፣ ይታያል። ይልቅ ሻይ ጠጪ።»

ሻዩን ሳትጠጣ ወጣች። እያወቁ ነው የሚዋሹት ብላ ደመደመች፤ ቁጣዋም በዚህ ላይ ቆመ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከመጫወቻው አሸዋ ናሙና ልትወስድ ከረጢቷን ይዛ ሄደች። ክቡርነታቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከእግራቸው ሥር፣ እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚሳሱላት የአራት ዓመት የልጅ ልጃቸው በፕላስቲክ ኩባያ እስከ ክርኗ ቆፍራለች። ከአሸዋው አልፋ ጥቁሩ አፈር ላይ ደርሳለች። ጣቶቿ አፏ ውስጥ ናቸው።

መርማሪዋ ባለችበት ደርቃ ቀረች። እያወቀ የሚዋሽ ሰው ይህችን ልጅ እዚህ አያመጣም። ሰውዬው የፈረሙትን አምነውታል።

«ነይ፣ ነይ!» አሉ ደስ ብሏቸው። «እመቤቴ ጉድጓዷን ጨርሳለች። ተጠናቋል!»

«ጋሼ፣ ያንሷት።»

«ምን ሆንሽ ደግሞ?»

«ጥቁሩ፣ ናሙና የወሰድኩበት አፈር ነው። ያንሷት!»

ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ። ሕፃኗን ብድግ አድርገው፣ በከረባታቸው ጣቶቿን፣ ከንፈሯን፣ ምላሷን ሳይቀር ጠረጉ። «ምን ያህል ነው? ምን ያህል ይጎዳል?» እያሉ ደጋግመው ጠየቁ። ስትነግራቸው እንባቸው መጣ። በዚያች ደቂቃ መርማሪዋ የእናቷ አልጋ ግርጌ የቆሙትን ሰው መልሳ አየች፤ ከነጥፋታቸው ወደደቻቸው። ክሱን ሁሉ ልታነሣላቸው ምንም አልቀራትም።

ሰኞ አጥሩን ጠየቀች።

«ልጄ፣ የተመረቀ ነገር እንዴት ይታጠራል?» አሉ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ። «ሕዝቡ ምን ይለናል? ለሚቀጥለው በጀት ዓመት እናስበው።»

«ሕፃኗስ?»

«አስመረመርኳት። ደሟ ደህና ነው፣ ተመስገን።»

«የሌሎቹስ ልጆች ደም?»

ቀጣዩን ወረቀት ስበው ፈረሙ።

ለበላይ መሥሪያ ቤት ሦስት ደብዳቤ ጻፈች፤ በሦስቱም መልስ ላይ ክቡርነታቸው የፈረሙበት የዚያው ቃለ ጉባኤ ቅጂ ተያይዞ መጣላት። ግቢው በር ላይ ቆማ ወላጆችን ለመመለስ ሞከረች። አንዲት እናት የልጇን እጅ እንደያዘች ሰሌዳውን ቀና ብላ አነበበችና፣ «እህቴ፣ ጸድቷል ይላል እኮ። መንግሥት ከጻፈው አንቺን ልመን?» ብላት አለፈች።

የኃላፊው የልጅ ልጅ ከዚያ ወዲህ ወደ ሐይቁ ዳር አልመጣችም። ባለፈው ቅዳሜ መርማሪዋ በአሸዋው ላይ አርባ ሦስት ሕፃናት ቆጥራለች። አጥር የለም። አፈሩም አልተነሣም።