ሐሳቡ የእኔ፣ ቦኖው የኦርቪል

ከሦስት ሰው በላይ በተሰበሰበበት ቦታ ሁሉ አንድ የማይቀር ሰው አለ። ሐሳብ አያቀርብም። አይከራከርም። ማስታወሻ አይዝም፤ እንዲያውም እርሳስ የለውም። ሌላው ላቡ ጠብ እስኪል ተናግሮ ሲጨርስ እሱ ከወንበሩ ሳይነሳ «ደግፌያለሁ» ይላል፤ ከዚያ ምስጋናውን ሁሉ ጠቅልሎ ቤቱ ይገባል። በቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ታገኙታላችሁ፣ በተማሪ ወላጆች ስብሰባ ታገኙታላችሁ፣ ቀብር ለማስፈጸም አራት ሰው ቢቀመጥ አንዱ እሱ ነው።

የዊሎ ቤንድ ከተማ ደጋፊ ክቡር ሚስተር ኦርቪል ታንበርግ ይባላሉ። ሥራቸው ጫማ መስፋት ነው። በከተማው ቦርድ አስራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጠዋል፤ በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ሐሳብ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። እኔ ዊልበር ኬስለር የከተማውን ሳምንታዊ ጋዜጣ አትማለሁ፤ በቦርዱ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ያቀረብኩትን ሐሳብ መቁጠር ትቻለሁ። አንቱ የምላቸው በዕድሜ አስራ አምስት ዓመት ስለሚበልጡኝ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም። ከመጀመሪያው ልናገረውና ይውጣልኝ፤ እቀናባቸዋለሁ። ቅናቴ እንደ ጥርስ ሕመም ነው፤ ምግብ ላይ ይብስብኛል። ባለቤቴ ኮራ ስማቸውን የምታነሳው ሁልጊዜ ራት ላይ ነው።

ቦርዱ በየወሩ የመጀመሪያው ማክሰኞ ላይ የእሳት አደጋ መኪናው በሚያድርበት ቤት ይሰበሰባል። መኪናውን ገፍተን እናወጣለን፣ ወንበር እንዘረጋለን፣ አምስታችን እንቀመጣለን። ደንባችን ቀላል ነው። አንዱ ቆሞ ሐሳብ ያቀርባል፤ ሐሳቡን ሌላ አባል እስኪደግፈው ድረስ አይቀመጥም። ሊቀመንበሩ ገስ ሆልትማን፣ የእህል መጋዘኑ ባለቤት፣ ሦስት ጊዜ «ደጋፊ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። በሦስተኛው ዝም ከተባለ ሐሳቡ ወደቀ፤ ድምፅም አይሰጥበትም።

ዝናቡ በጊዜው ሲዘንብና ባንኩ ክፍት ሳለ መደገፍ ቀላል ነበር። ሁሉም ይደግፍ ነበር። ባንኩ ከተዘጋ፣ ድርቁና የአቧራ ማዕበሉም ከመጣ ወዲህ ግን ቦርዱ የሚወስነው ነገር ሁሉ ከአንድ ሰው ደጃፍ አንድ ነገር መንጠቅ ሆነ። ስለዚህ ገስ «ደጋፊ አለ?» ሲል ሰው ሁሉ አቀርቅሮ ጫማውን ያያል። ሚስተር ታንበርግ ብቻ አያቀረቅሩም። ጫማ ሲያዩ ስለሚውሉ ሰልችቷቸው ይመስለኛል። «ደግፌያለሁ» ይላሉ፣ አለቀ። ጸሐፊያችን ሚስ አልማ ፔትሪ ድካም ለመቀነስ ስትል «ደጋፊ፦ ታንበርግ» የሚለውን በቃለ ጉባኤው መዝገብ ላይ ቀድማ ጽፋ ነው የምትመጣው። አንድ ቀንም ተሳስታ አታውቅም።

ከአስራ አንዱ የመንገድ መብራት ስድስቱ ይጥፋ ያልኩት እኔ ነኝ። ወይ መብራቱ ወይ ውሃ የሚገፋው ሞተር ነበር፤ ለሁለቱ የሚበቃ ኤሌክትሪክ መግዛት አልቻልንም። ሚስተር ታንበርግ ደገፉ፣ ሐሳቡ አለፈ። በነጋታው ሦስት ደንበኞች ጋዜጣዬን አቋረጡ። ደጃፏ የጨለመባት ወይዘሮ ሄድዊግ ክሉግ ደግሞ ፓይ የሚሉትን ትኩስ የፖም ጋገራ ይዛ በማተሚያ ቤቴ በር አለፈች።

«ወይዘሮ ክሉግ፣ ወዴት ነው በፓይ?» አልኳት።

«ለኦርቪል ነዋ። እሱ ባይኖር አንተ አስራ አንዱንም ድርግም ታደርጋቸው ነበር።»

«የደገፉኝ እኮ እሳቸው ናቸው።»

«አውቃለሁ፣ ምስኪን። እያመመው እንደደገፈህ ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር አሉ።»

ፊታቸውን ከጎናቸው ተቀምጬ ሳየው ነበር። ምንም አያስታውቅም። የታንበርግ ፊት የተላጠ ድንች ነው፤ ሰው የፈለገውን ያነብበታል።

የላሞቹ ነገር ደግሞ ይባስ። ባለፈው ዓመት ሣር የቀረው በእግረኛ መንገዱ ዳርና በሰው አጥር ሥር ብቻ ነበርና ላሞቹ ከተማ ገብተው አበባ ጨረሱ። ገስ ሆልትማን ላም ሁሉ በገመድ ይታሰር ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ሚስተር ታንበርግ ደገፉ፣ አለፈ። ወዲያው ሌላው የቦርድ አባል፣ ሁለት ላም ያለው ኔድ ፊንች ተነሳና ዝናብ እስኪጥል ላሞች እንደ ልባቸው ይሰማሩ አለ። ሚስተር ታንበርግ ደገፉ። ሌሎቹ ሁለቱን ሐሳብ ለያይተው ማሰብ ስላቃታቸው ይህም አለፈ። ስለዚህ ለሦስት ሳምንት የዊሎ ቤንድ ላሞች ሕጉን ሙሉ በሙሉ አክብረው፣ በአንገታቸው የታሰረ ረጅም ገመድ እየጎተቱ፣ እንደ ልባቸው ሲዞሩ ሰነበቱ። ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ሁለት ጊዜ በገመድ ተጠልፌ ወድቄያለሁ። አበባው ዳነ ወይ ብትሉ አልዳነም። ከተማው ግን ምን አለ? «ኦርቪል ባይኖር ገስና ኔድ ተጋድለው ነበር» አለ።

እስከዚህ ድረስ የቻልኩትን ችያለሁ። አንጀቴን ያሳረረው ቦኖው ነው።

ከባቡር ሐዲዱ ማዶ የሚኖሩት ሰዎች ጉድጓዳቸው ሊደርቅ ደርሶ ነበር፤ የቀረውም ውሃ ይሸታል። ወይዘሮ ሮዛሊያ ሴድላክ የምትባለው ሴት ሁለት ልጆቿ በዚያ ውሃ ታመው የብርዱን ወራት በሙሉ ተኝተውባታል። ከከተማው የውሃ ማማ አንድ ቧንቧ በሐዲዱ ሥር አሳልፈን እዚያ ቦኖ እንትከል አልኩ። አራት ስብሰባ ተከራከርኩ። ጋዜጣዬ ላይ በትልቅ ፊደል ጻፍኩ። ቁፋሮውን መንግሥት ለሥራ አጦች በሚሰጠው የቀን ሥራ ለማስያዝ አውራጃው ከተማ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ በሦስተኛው መኪናዬ መንገድ ላይ ቀርታ ዘጠኝ ማይል በእግሬ መጣሁ። በሰኔው ስብሰባ ላይ ሦስት ጊዜ ተደግፎ በድምፅ የወደቀውን ሐሳብ ለአራተኛ ጊዜ አቀረብኩ። ከሚስተር ታንበርግ ወንበር «ደግፌያለሁ» ተባለ። አለፈ።

ውሃው በመጣ ዕለት ማዶ ያለው ሰው ሁሉ ወጥቶ ነበር። እኔ ኮት ለብሻለሁ፤ ሁለት ቃል ንግግርም ኪሴ ውስጥ ነበረኝ። ወይዘሮ ሴድላክ በመጀመሪያው ውሃ ኩባያ ሞላች፣ በሰዉ መሃል ይዛው መጣች፣ እኔ እጄን ስዘረጋ በትህትና «ይቅርታ፣ ያሳልፉኝ» አለችኝና ከኋላዬ ለቆሙት ለሚስተር ታንበርግ ሰጠቻቸው። ጠጡ። «ጥሩ ነው» አሉ። ሰው አጨበጨበ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ የኦርቪል ቦኖ ነው። እኔ ራሴ በገዛ ጋዜጣዬ ላይ «ከኦርቪል ቦኖ አጠገብ የጠፋች ጥቁር ዶሮ» የሚል ማስታወቂያ በእጄ ፊደል ለቅሜ አትሜያለሁ፤ ሌላ ስም ብጽፍ ዶሮዋ አትገኝም ነበር።

አላስችል ቢለኝ ወደ ሱቃቸው ሄድኩ። የአንድ ገበሬ ቦት ጫማ ጉልበታቸው መሃል ይዘው ሶል ይመቱ ነበር፤ አፋቸው ሚስማር ሞልቷል።

«ሚስተር ታንበርግ፣ እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ። ያልወደዱት ሐሳብ ገጥሞዎት አያውቅም?»

«ሞልቷል።»

«ታዲያ ለምን ይደግፋሉ?»

ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ከአፋቸው አወጡ። «አንተ ስትቆም ጉልበትህ ይንቀጠቀጣል» አሉኝ። «የግራው። ቆሞ የሚንቀጠቀጥ ሰው ማየት አልወድም። ቶሎ ብትቀመጥ ይሻላል ብዬ ነው።»

«ቦኖውስ? ቦኖው የእኔ ድካም መሆኑን ለሰው መናገር ያቅታል?»

«ለመጣው ሁሉ እናገራለሁ። ዊልበር ነው ያሠራው እላለሁ።»

«እሺ፣ ምን ይላሉ?»

«ኦርቪል ትሑት ነው ይላሉ» አሉና ሚስማሮቹን ወደ አፋቸው መለሱ።

ከዚያ ሱቅ የወጣሁት ደሜ ፈልቶ ነው። በዚያው ቁጣ የመሰናበቻ ደብዳቤዬን ጻፍኩ። የቦርድ አባል መልቀቅ ቢፈልግ እንኳ ቆሞ ሐሳብ ማቅረብ፣ ሐሳቡም ደጋፊ ማግኘት አለበት። ተንኮሌ ይኸው ነበር። እኔ ልሰናበት እላለሁ፤ እሳቸው እንደ ልማዳቸው አፌን ሳልዘጋ ደግፌያለሁ ይላሉ፤ ከተማውም በማግስቱ ነቅቶ «ታንበርግ ኬስለርን አባረረው» ይላል። አንድ ቀን እንኳ ድጋፋቸው እሳቸው ላይ ተጣብቆ ይቅር አልኩ። የሚያስከፍለኝን አላጣሁትም። ከዚያች የመጀመሪያ ማክሰኞ ሌላ በወሩ ውስጥ የምናፍቀው ቀን የለኝም፤ እሷን ነበር በእልህ የምጥላት።

የነሐሴው ስብሰባ መጣ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ በሩን ከፍተን፣ መኪናው ውጭ ቆሞ፣ ዝንብ እያባረርን ተቀመጥን። ተነሳሁ።

«እኔ ዊልበር ኬስለር ከቦርድ አባልነቴ እንድሰናበት ሐሳብ አቀርባለሁ።»

ያቺን ቃል ጠበቅኩ። አልመጣችም።

«ደጋፊ አለ?» አለ ገስ።

ኔድ ፊንች ወደ ሚስተር ታንበርግ ዞረ። ገስም ዞረ። ሁላችንም ዞርን። ሚስተር ታንበርግ አቀርቅረው ጫማቸውን ያያሉ። የራሳቸውን ጫማ፣ ሌላ ሰው የሰፋው ይመስል፣ ስፌቱን እየተከተሉ ያያሉ።

«ደጋፊ አለ?»

ግራ ጉልበቴ ጀመረ። በሰባት ዓመት ውስጥ ያን ያህል ቆሜ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ያስቀምጡኝ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። እሺ ይበሉና ይለይልኝ ብዬ የመጣሁት ሰውዬ፣ አሁን እንዳይናገሩ በልቤ መለመን ጀመርኩ። ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ላቤ መጣ። ጠረጉና ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

«ለሦስተኛ ጊዜ፣ ደጋፊ አለ?» ገስ ጥቂት ጠበቀ። «እንግዲህ ሐሳቡ ደጋፊ በማጣት ወድቋል።»

የሚስ አልማ ብዕር ቆሞ ነበር። «ሚስተር ታንበርግ» አለች፣ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ፣ «ስምዎን ቀድሜ ጽፌዋለሁ። ምን ላድርገው?»

«ሰርዢው» አሉ።

ማስመሪያ አስደግፋ በቀጭኑ ሰረዘችው። እኔ አሁንም ቆሜያለሁ፤ ጉልበቴ አልታጠፍ ብሏል። ያን ጊዜ ነው ሚስተር ታንበርግ ከጫማቸው ቀና ያሉት።

«ያ ቱቦስ፣ ዊልበር? የእሳት ማጥፊያው ቱቦ ያፈሳል ስትል አልነበር?»

«አዎ» አልኩ። «ቱቦው እንዲጠገን ሐሳብ አቀር...»

«ደግፌያለሁ።»

ተቀመጥኩ።

ያን ገጽ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ገልጬ አይቼዋለሁ። ለጋዜጣው ቃለ ጉባኤ ልቅዳ እያልኩ ለሚስ አልማ እዋሻታለሁ፤ እሷም ሳትጠይቀኝ መዝገቡን እዚያው ላይ ገልጣ ትሰጠኛለች። በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የታንበርግ ስም የተሰረዘበት መስመር ያ ብቻ ነው፤ ያም የተሰረዘው ለእኔ ነው።

ቅናቴ ለቀቀኝ እንዳይመስላችሁ። ከተማው በማግስቱ «ኦርቪል ዊልበርን አስቀረው» እያለ ነበር። እኔ ብቻዬን ቆሜ ከተንቀጠቀጥኩበት ምሽት እንኳ ምስጋናውን እሳቸው ወሰዱት። ወይዘሮ ክሉግም ፓይ ጋገረች።

ራት ላይ ኮራ ድንቹን እያቀረበችልኝ «ኦርቪል የእሳት አደጋውን ቱቦ ሊያስጠግን ነው አሉ» አለችኝ። «ይኸ ሰው ባይኖር ይቺ ከተማ ምን ይውጣት ነበር?»

አፌን ከፈትኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ በዚያ ገበታ ላይ ሳርማት ኖሬያለሁና ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር።

«ደግፌያለሁ» አልኳትና ድንቼን በላሁ።