ሂስ የቀረበባት በለስ

ስብሰባ ሸሽቶ፣ ስብሰባውን ይዞ የሚሰደድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጎረቤቴ ነው። ጋሽ ሰዒድ ከቀበሌ ስብሰባ አምልጦ ጂዳ፣ በኒ ማሊክ ሰፈር ገባና ግቢው ውስጥ በለስ ተከለ። አንድ ጁምዓ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስቦ ዛፏ ሥር ቆመ።

«ይህች በለስ ሦስት ዓመት ውሃችንን ጠጥታ አንድ ፍሬ አላሳየችንም። ሂሷን ትዋጥ። አስተያየት ያለው?»

ማን ይናገር? ወር ሙሉ ፍሬዋን የበላነው እኛው ነን። ሚስቱ ሐሊማ፣ «ካወቀ ለማከፋፈያው ኮሚቴ ያቋቁማል» ብላ፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ እሱ ተመልሶ ሲተኛ እየለቀመች ትልክልን ነበር።

ዛፏ ስትወቀስ ግን አላስቻላትም፤ በሳህን የበሰለ በለስ ይዛ ወጣች።

«በል፣ አንተም ሂስህን ዋጥ» አለችው።

አንዱን ጎርሶ ዓይኑን ጨፍኖ አላመጠ።

«ወላሂ፣ የቀበሌው ሂስ እንዲህ ቢጣፍጥ ኖሮ ካገሬ መች እወጣ ነበር።»