ድንጋይ ተሸክሜ የሄድኩበት የወላጆች ስብሰባ

በእኛ አገር ከትምህርት ቤት የተጠራ ወላጅ ሁሉ ገና ግቢውን ሳይረግጥ ጥፋተኛ ነው። ሐኪም ቤት ቢጠሩት «ማን ታመመ?» ይላል። ፍርድ ቤት ቢጠሩት «ማን ከሰሰኝ?» ይላል። ትምህርት ቤት ሲጠሩት ግን ምንም አይጠይቅም፤ ቀበቶውን መፍታት ይጀምራል።

እኔ እንኳ ዘመናዊ ነኝ። ልጅ አልመታም። የልጅ ዩኒፎርም እከለክላለሁ እንጂ... ቆይ፣ ከመጀመሪያው ላጫውታችሁ።

ደባርቅ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። መስከረም ሲጠባ የከተማው ተማሪ ግማሹ በእጄ ያልፋል። የማን ልጅ በክረምቱ እንደተመዘዘ፣ የማን ልጅ ወገቡ እንደሰፋ ከእናቱ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። ስለ ትምህርታቸው ከጠየቃችሁኝ ግን ምንም አላውቅም። የራሴንም ልጅ ቢሆን እንደዚያው ነው። ልጄ ማስተዋል ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል መግባቷን ያወቅኩት አዲሱ ትምህርት ቤቷ አረንጓዴ ስለሚያስለብስ ነው። የድሮው ሰማያዊ ነበር።

የዚህ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር አዲስ ነው። ከዳባት ተዛውሮ የመጣ፣ ጢሙ ገና በቅጡ ያልሞላ፣ «የወላጅ ተሳትፎ» የሚል ነገር ሲነሳ ፊቱ የሚበራ ወጣት። ሐሳቡ ቀና ነበር። ትምህርት እንደተጀመረ ወላጆችን ሰብስቦ ሊተዋወቅ፣ ልጆቻቸው ምን እንደሚማሩ ሊነግራቸው፣ «አብረን እናሳድጋቸው» ሊላቸው ነበር ያሰበው። ታዲያ አርብ ማታ ሰንደቅ ዓላማ ሲወርድ ተማሪዎቹን አሰልፎ ምን ብሎ ቢያሰናብታቸው ጥሩ ነው?

«ሰኞ ጠዋት ወላጁን ያላመጣ ክፍል አይገባም!»

በቃ። ለምን እንደሆነ አልተናገረም። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ዘንድ የሚባለው መስኮት ለሰበረ ነው፣ ከመምህር ጋር ለተናነቀ ነው፣ አጥር ዘሎ ለጠፋ ነው። ለሰላምታ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ተማሪዎቹም አልሰሙም። እያንዳንዱ በሆዱ ያለችውን እያሰበ ፊቱ ጠቁሮ ወደየቤቱ ሄደ።

ማስተዋል ስትመጣ እኔ አረንጓዴ ቀሚሷን እየሰፋሁ ነበር። ወገቡና ዘርፉ ብቻ ቀርቶኛል።

«አባዬ፣ ሰኞ ወላጅ አምጡ ተብለናል» አለችኝ።

የስፌት መኪናዬን አቆምኩ።

«ምን አጥፍተሽ?»

«ምንም።»

«ምንም ያላጠፋ ሰው ወላጅ አምጣ ይባላል?»

«ሁላችንም ነን የተባልነው።»

«ሁላችሁም አጥፍታችኋላ!»

ይህን ስል ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ቀሚሱን ከመኪናው ላይ አውጥቼ አጥፌ መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩትና «ጥፋትሽን እስክትናገሪ ድረስ ይህ ቀሚስ አይሰፋም» አልኳት። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለቀሰችም። «እሺ» ብላ ወጣች። እኔም ዝም ማለቷን አይቼ ጥፋቷ ከገመትኩት በላይ ከባድ እንደሆነ ደመደምኩ። የልብስ ሰፊ ልጅ ያለ ዩኒፎርም መሄድን ከመረጠች፣ የደበቀችው ነገር ምን ያህል ቢሆን ነው?

ባለቤቴ እናኑ ነገሩን ስትሰማ፣ «ለምን ደውለህ አትጠይቃቸውም?» አለችኝ።

«ይቅርታ በስልክ ይጠየቃል እንዴ?»

«ይቅርታ መቼ አልኩህ? ጥያቄ ጠይቅ ነው ያልኩህ!»

አልደወልኩም። እኔ የደባርቅ ሰው ነኝ፤ ነገር የምጨርሰው በሽማግሌ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አያ ደሴን ያዝኳቸው። አያ ደሴ በሰፈራችን የተኳረፈ ባልና ሚስት፣ ድንበር የተገፋፋ ጎረቤት ሁሉ የሚያስታርቁ ሰው ናቸው። እሳቸው ደግሞ የቅኔ መምህሩን የኔታ ፈንታን ጠሩልኝ። ሦስተኛው ሽማግሌ ዘመድ ሊጠይቁ ከዳባት የመጡ አዛውንት ናቸው። እኔንም፣ ልጄንም፣ ትምህርት ቤቱንም አያውቁም። ግን ሽምግልና ሲባል ሰምተው ከመደብ ተነሡ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉና «እንሂድ» አሉ።

«ጥፋቷ ምንድን ነው?» ብለው የኔታ ጠየቁኝ።

«አልተናገረችም፣ የኔታ።»

«አልተናገረችም...» አሉና ወደ አያ ደሴ ዞር አሉ።

አያ ደሴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ ከባድ ነው ማለት ነው። ድንጋይ ያሻል።»

ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መጠየቅ በእኛ ዘንድ የመጨረሻው ደረጃ ነው። እናንተ ከተሜዎች ብትስቁም መምረጡ ራሱ ሙያ አለው። ስሜን ላይ ድንጋይ ጠፍቶ አይደለም፤ እግዜር ተራሮቹን ሠርቶ ሲጨርስ የተረፈውን እዚሁ ደባርቅ ላይ ነው የደፋው። ችግሩ መጠኑ ነው። ትንሽ ድንጋይ የተሸከመ እንደሆን «በእኛ ላይ ይቀልዳል?» ይባላል። ትልቅ የተሸከመ እንደሆን ወገቡ ይሄዳል። እኔ አንዷን አነስ ያለች ከአጥሬ ስር አንስቼ አሳየኋቸው። አያ ደሴ አየት አድርገዋት እንደ በሬ የተኛ አንድ ጥቁር ድንጋይ በከዘራቸው ጠቆሙኝ። የሰው ትከሻ ሲሆን መቼም አይከብድም...

ሰኞ ጠዋት ጉም መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ማስተዋል አምና የለበሰችውን፣ ከጉልበቷ በላይ የቀረውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ከፊት ትሄዳለች። እኔ ድንጋዬን ይዤ ከኋላዋ፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላዬ። የባጃጅ ሹፌሮች ፍጥነታቸውን እየቀነሱ ያዩናል። አንዷ ደንበኛዬ በሯ ላይ ቆማ፣ «ኧረ ምነው ማስተዋልዬ፣ አባትሽ ልብስ ሰፊ አይደለም እንዴ?» አለቻት። ልጄ አንገቷን ደፋች። እኔ አለመስማቴን ለማሳየት ድንጋዩን ወደ ሌላው ትከሻዬ አዛወርኩ።

ግቢው ስንደርስ ያየሁትን ባልነግራችሁ ይሻላል። ግን ልንገራችሁ። በየዛፉ ስር ሽማግሌ ቆሟል። በየጥጉ እናት ልጇን ክንዱን ጨብጣ ይዛለች። ከአምባራስ የመጡ አንድ ገበሬ አሉ፤ ልጃቸው ከተማ ቤት ተከራይቶ ነው የሚማረው። ምን እንደሰበረ ስላላወቁ ለማንኛውም ብለው በግ ይዘው መጥተዋል። በጉን የሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ ላይ አስረውት፣ መዝሙሩ ሲዘመር አብሮ ይጮኻል።

ርዕሰ መምህሩ ብቅ ሲል ይህን ሁሉ ወላጅ አየና ደስታው ከፊቱ አልፎ ጆሮው ደረሰ። እኔን ሲያይማ ሮጦ መጣ።

«ድንጋይ ይዘው ነው የመጡት?» አለኝ። «ለምናሠራው አጥር? ሳንጠይቅዎት?»

ምን ልበለው? «አዎ» እንዳልል ውሸት ነው፤ «የለም» እንዳልል ከባድ ነው። ድንጋዩን ማለቴ ነው። እሱም ሌሎቹን መምህራን ጠርቶ አሳያቸው፤ አንዱ ፎቶ አነሳኝ።

ከዚያ የወላጅ ስም መጥራት ተጀመረ።

«የተማሪ ሀብታሙ ወላጅ?»

«አቤት!» አለ አንድ ወጣት የባጃጅ ሹፌር።

«የተማሪ ሰናይት ወላጅ?»

«አቤት!» አለ ያው ሹፌር።

ርዕሰ መምህሩ ቀና ብሎ አየው። «ሁለቱም ልጆችህ ናቸው?»

«ለዛሬ ብቻ» አለ ሹፌሩ። ሁለቱ ልጆች ከሰልፉ ጫማቸውን ያያሉ።

ይኼኔ አያ ደሴ ከዘራቸውን አንስተው ወደፊት ራመድ አሉ። የኔታና የዳባቱ ሽማግሌም ተከተሏቸው። ርዕሰ መምህሩ ወንበር አስመጣ።

«አባቶቼ፣ ተቀመጡ እንጂ።»

«አንቀመጥም፣ ልጄ» አሉ አያ ደሴ። «በመጀመሪያ ማርኩ በለን።»

«ምኑን?»

«እሱንማ አንተ ነህ የምታውቀው።»

«እኔ የማውቀው ነገር የለም።»

«አየህ፣ የኔታ» አሉ የዳባቱ ሽማግሌ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፍተው፣ «ተቀይሟል።»

«ኧረ አልተቀየምኩም! ማንም ምንም አላጠፋም! እኔ የጠራኋችሁ እንድንተዋወቅ ነው። ልጆቻችሁ ምን እንደሚማሩ እንድታውቁ፣ እንድትከታተሏቸው...»

ወላጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። በጉም ዝም አለ። ከእናቶቹ መካከል እትዬ ስንዱ የሚባሉ ጎረቤቴ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ እኮ ቅዳሜ አምኗል! መስኮት ሰብሬያለሁ ብሎ አምኗል!»

ርዕሰ መምህሩ ዞሮ መስኮቶቹን አየ። ሁሉም ደህና ናቸው። «የሌላ ትምህርት ቤት ይሆናል» አለ ቀስ ብሎ።

እኔ ያን ጊዜ የት እንደምገባ ጠፋኝ። ድንጋዩ ትከሻዬ ላይ እንዳለ ዓይኔ ማስተዋልን ፈለጋት። ያ ሁሉ አረንጓዴ በተሰለፈበት መሐል አንዲት ሰማያዊ ቆማለች። ጓደኞቿ አንድ እርምጃ ራቅ ብለዋታል፤ ወይም ለእኔ እንደዚያ መስሎኝ ይሆናል። አፈርኩ። ቀልዴን አይደለም፤ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ሦስት ቀን ሙሉ እውነቷን እየነገረችኝ አላመንኳትም።

ቀስ ብዬ ድንጋዩን ላወርድ ስል አያ ደሴ በከዘራቸው ያዙኝ።

«የት ነው? ሽማግሌ ተነሥቶ፣ ሰው ሳያስታርቅ ባዶውን ይመለሳል እንዴ?»

«አያ ደሴ፣ የተጣላ ሰው የለም እኮ።»

የኔታ ፈንታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እስቲ እንመርምር» አሉ። «ርዕሰ መምህሩ አልተበደለም። ትምህርት ቤቱም አልተበደለም። በዚህ ነገር የተበደለ ማነው?»

ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ከአምባራስ የመጡት ገበሬ ጭምር፣ ወደዚያች ሰማያዊ ቀሚስ ዞሮ አየ።

«በል» አሉኝ አያ ደሴ፣ «ሂድ ወደ በደሉ ባለቤት።»

ሄድኩ። ልብስ የሰፋሁላቸው ተማሪዎች መንገድ እየለቀቁልኝ፣ ድንጋይ ተሸክሜ ልጄ ፊት ቆምኩ። ሽማግሌዎቹም ከኋላዬ ቆሙ።

«ልጄ ማስተዋል» አሉ የኔታ፣ አለቃ እንደሚያናግሩ ዝቅ ብለው፣ «አባትሽ ሳይጠይቅ ፈርዷል። ጥፋቱን አምኗል። እኛን ብለሽ ማሪልን።»

ማስተዋል ፊቷ ቀላ። «አባዬ፣ አውርደው... ሰው ያያል» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ማርኩት በይን እንጂ» አሉ አያ ደሴ። ሕጉን የሚያላሉ ሰው አይደሉም።

ትንሽ አሰበች። የእናቷ ልጅ ናት።

«ምሬዋለሁ። ግን ከእንግዲህ ሌላ ሰው ከመጥራቱ በፊት እኔን ይጠይቀኝ።»

«ትክክል!» አሉ የዳባቱ ሽማግሌ። እናቶቹ አጨበጨቡ። አያ ደሴ ካሳ ፈረዱ፤ ቀሚሱ ከቀትር በፊት ተሰፍቶ እንዲደርስ። የኔታ መረቁን፤ ግቢው በሙሉ አሜን አለ። ገበሬው በጋቸውን ፈትተው ሄዱ፤ በጉ ከሁላችንም በላይ የተደሰተ ይመስለኛል። ድንጋዬን ግን ርዕሰ መምህሩ አልመለሰልኝም። ከአጥሩ ጥግ አስቀምጦታል።

ሮጬ ሱቄ ገባሁ፤ ወገቡንና ዘርፉን ጨርሼ፣ ቀሚሱ ገና ከካውያው እንደሞቀ በዕረፍት ሰዓት አደረስኩላት። ለካ እስክደርስ የወላጆች ኮሚቴ ተመርጦ ነበር። እኔ በሌለሁበት የመረጃ ተጠሪ አድርገውኛል። ርዕሰ መምህሩ «እንደዚህ ሰውዬ የሚሳተፍ ወላጅ በሥራ ዘመኔ አይቼ አላውቅም» ብሎ ስለተናገረ የተቃወመ አልነበረም። ሥራዬ ስለ ልጆቹ እየጠየቁ ማወቅና በቴሌግራም ለወላጆች ማሳወቅ ነው።

ቃል ቃል ነውና ከቤቴ ጀመርኩ። ማስተዋል ከትምህርት ቤት ስትመለስ መቀሴን አስቀምጬ እጠይቃታለሁ።

«ትምህርት ቤት እንዴት ዋልሽ?»

«ደህና።»

«ምን ተማራችሁ?»

«ብዙ ነገር።»

«ለምሳሌ ምን?»

«አባዬ፣ የቤት ሥራ አለብኝ።»

በማግስቱም ጠየቅኳት፤ በማግስቱም ደህና ነች። ሳምንቱ ሲያልቅ ሪፖርቴን ጻፍኩ። «የተከበራችሁ ወላጆች፣ ባደረግነው ጥብቅ ክትትል ልጆቻችን ደህና መሆናቸውንና ብዙ ነገር መማራቸውን አረጋግጠናል።»

ምስጋናው ጎረፈ። እትዬ ስንዱ ከሁሉም ቀድመው መለሱልኝ።

«እግዜር ይስጥልን! የኔውማ ይኼንንም አይነግረኝም።»