አንበሳሜ ያደረስኩት ፎቶ

ይህን የምጽፈው ድንጋጤው ገና ሳይለቀኝ ነው። እስከ መጨረሻው ካነበባችሁኝ ግን ጊዜያችሁን አልበላባችሁም፤ ታሪኩ ባይጥማችሁ እንኳ ስለ ካሜራ አንድ ሁለት ነገር አውቃችሁ ትነሣላችሁ። ማስረዳት እወዳለሁ፤ ማንም ባይጠይቀኝም።

ሰው ካሜራ ሲያይ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ይሄ በሬ ሊገዛ ገበያ ወጥቶ ጅራቱን ብቻ ለክቶ እንደመመለስ ነው። ካሜራ የሚፈተነው በሌንሱ፣ ብርሃን በሚቀበልበት ሰሌዳው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በጨለማ ቤት ውስጥ ነው። የኔዋ ርካሽ ከሚባሉት ዲጂታል ኤስ ኤል አሮች (ሌንሳቸው የሚነቀል ትልልቆቹ ካሜራዎች) አንዷ ናት፤ ፎቶ ማንሣት የሰለቸው አንድ የባሕር ዳር ሰው የሸጠልኝ። የመያዣዋ ጎማ ተልጧል፤ ቁልፎቿ ግን ይታዘዛሉ። ውስጧ መስታወት አለ፤ ስታነሡ ቀጭ ብሎ ብድግ ይላል። ስልካችሁም ቀጭ ይላል፤ የሱ ግን የውሸት ነው።

በቀን ብርሃን እንከን አይወጣላትም። ከደብረ ታቦር ሆኜ ጉናን ሳነሣ ገደሉን ስንጥቅ በስንጥቅ ታሳየኛለች። ቤት ውስጥ ሲገባ ነው ርካሽነቷ የሚታወቀው። አይ ኤስ ኦ የሚባል ነገር አለ፤ ብርሃን ሲያንስ ካሜራዋ በደንብ ያላየችውን እንዳየች አድርጋ እንድታወራ የምናስገድድበት ነው። እሷም ታወራለች፤ ግን ትቀላምዳለች። የሚነሣው ሰው ጉንጭ ላይ ቀይና አረንጓዴ ነጠብጣብ ጤፍ እንደተዘራ ይበተናል። መድኃኒቱን ራሴ ደረስኩበት፦ ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ። ያን ጊዜ ነጠብጣቡ ጉድለት መሆኑ ይቀርና ግርማ ሞገስ ይሆናል።

እትዬ ታንጉት በዚህ መካከል ነው የመጡት። ጎረቤታችን ናቸው፤ ገበያ ላይ በርበሬ ይሸጣሉ። አንበሳሜ አጠገብ የሚኖሩ ጋሽ ወርቁ የሚባሉ ታላቅ ወንድም አሏቸው። እትዬ ታንጉት ልጃቸውን ሲድሩ ለኚሁ ወንድማቸው የጥሪ ካርዱን በመንገደኛ ላኩላቸው። ጋሽ ወርቁ «እኔ በመንገደኛ የምጠራ ሰው ነኝ?» ብለው ቀሩ፤ ከዚያ ወዲያ ስልክም አላነሡም። ዓመታት አለፉ።

«በል አንሣኝ» አሉኝ እትዬ ታንጉት። «በትልቁ አሳጥበውና ውሰድለት። ሽበቴን ይየው። ሽበቴን አይቶ ካልራራልኝ፣ በቃ፣ ወንድም የለኝም እላለሁ።»

«ለምን ራስዎ አይሄዱም?»

«በሩን ቢዘጋብኝስ?»

እኔ የሳቸው ጭንቀት ብዙም አልገባኝም፤ የገባኝ «በትልቁ» ያሉት ነው። ካሜራ የሚፈተነው ፎቶው ተለቅ ብሎ ሲታተም ነዋ። እቤታቸው አነሣኋቸው፤ ጨለማ ነበር፤ ጥቁርና ነጭ አደረግሁት። ከነጭ ግድግዳ እንዲለይ ጥቁር ፍሬም መረጥኩለት። አቧራ እንዳይነካው በራሳቸው ነጠላ ጠቀለልኩት። ጋሽ ወርቁ ወደ እርሻ ሳይወጡ እንድደርስባቸው በመጀመሪያው ሚኒባስ ገና ሳይነጋ ተሳፈርኩ።

እናንተ አሁን ገብቷችኋል። እኔ አልገባኝም።

እኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። የሰው ፎቶ በትልቁ ታትሞ በፍሬም የሚዞረውም ለቅሶ ላይ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ነጠላው ሸርተት ሲል አንዲት ሴት አየችና የመስኮቱን ወንበር ለቀቀችልኝ።

«እናትህ ናቸው?»

«ጎረቤታችን ናቸው።»

«ጎረቤትም እናት ነው። እግዜር ያጽናህ።»

ሸክሜ ከብዶኝ አይታ ያዘነችልኝ መሰለኝና «አሜን» አልኩ።

ጋሽ ወርቁን በሬ ሲጠምዱ አገኘኋቸው። «ከእትዬ ታንጉት ዘንድ ነው የመጣሁት» ብዬ ነጠላውን ገለጥኩ። ቀንበሩ ከእጃቸው ወደቀ። ፎቶውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ከዚያ መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ።

«ታንጉቴ» አሉ። «ለአንድ ካርድ ብዬ። ለአንድ ቁራጭ ካርድ።»

ሽማግሌ ሰው እንዲያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ጎረቤቱ በአጥሩም በበሩም ገባ። ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ። «ኧረ አልሞቱም! በሕይወት አሉ!» እላለሁ፤ አንድ ሰውዬ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ «አይዞህ ልጄ፤ እኔም የአባቴ ጊዜ እንዲሁ ብዬ ነበር» አለኝ።

ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈትኩት።

«ምነው?» አሉ እትዬ ታንጉት። «በሩን ዘጋብህ?»

አንዲት ሴት ደረቷን ልትመታ ያነሣችው እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ታንጉት?» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ። አልሞትሽም?»

ከስልኩ የበርበሬ ገበያው ጫጫታ ብቻ ይሰማል። «ወንድም ጋሼ?» አሉ በመጨረሻ። «አይ፤ ሥራ በዝቶብኝ።»

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ወርቁ ተነሡ፤ ፊታቸው ተለዋወጠ። ዱላቸው የት እንዳለ በዓይኔ ፈለግሁ።

«አሁንም በሰው ላክሽብኝ» አሉ። «ያኔም በሰው፣ አሁንም በሰው። በእግርሽ ብትመጪ ምን ነበረበት?»

«ብትዘጋብኝስ ብዬ ነዋ።»

«ግቢዬ ሙሉ ሰው እያለቀሰልሽ በየት በኩል ልዝጋው? እነዚህን ሁሉ ምን ብዬ ልመልሳቸው? ነይና ታይላቸው።»

እትዬ ታንጉት ለምሳ ደረሱ። ለቀስተኛው አንድም ሰው አልሄደም ነበር፤ ሟቿን በዓይኑ ሳያይ የሚሄድ ማን አለ። ሲገቡ ጋሽ ወርቁ ሳይስሟቸው በፊት የእህታቸውን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው እያገላበጡ አዩት፤ ገበያ ላይ በርበሬ እንደሚመርጥ ሰው። እኔ ካሜራዬን አነሣሁ። የዚያን ዕለት ፀሐይ ሙሉ ነበረች፣ ሌንሱ ንጹሕ ነበር፣ አይ ኤስ ኦው ዝቅ ያለ ነበር። ፎቶው ግን ደብዝዟል። ካሜራዋ ምንም አላጠፋችም፤ የተንቀጠቀጠው እጄ ነው።

ስለዚህ ግምገማዬ ይህ ነው፦ ርካሽ ናት ብላችሁ አትናቋት፤ ለቤት ውስጥ ብርሃን ፈልጉላት። ካሜራ ከሌላችሁ ከጎረቤት ተዋሱ፣ እሱም ከጠፋ ስልካችሁ ይበቃል። የተኳረፋችሁት ሰው ካለ ዛሬውኑ ሽበታችሁን ሳትደብቁ ፎቶ ተነሡ፣ በትልቁ አሳጥቡት። ለሰው ግን አትስጡት፤ ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ከፎቶው ጎን በእግራችሁ ከቆማችሁ ማንም አያለቅስም። ቢያለቅስም፣ ምክንያቱ ሌላ ነው።