ዱባይ ተራ ቆሞ መተንፈስ

ሰው ሲከፋው የሚያደርገው እንደ ጠባዩ ነው። አንዱ ይተኛል፤ አንዱ ስልኩን ይዘጋል። ታናሽ እህቴ ሜሮን ጫማ ትገዛለች። ሲከፋት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ደስ ሲላትም፣ ሲደብራትም ያው ነው። አልጋዋ ሥር ከነካርቶናቸው የተደረደሩ፣ መሬት ረግጠው የማያውቁ ጫማዎች አሉ። አትሳቁ። የእናንተም አልጋ ሥር ይታያል።

ሰሞኑን ከስልኳ አንድ ምክር አገኘች። ዕቃ ሲያምርሽ አትቸኩዪ፤ ከፊቱ ዞር በዪ፤ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ፤ ምን እየተሰማሽ እንደሆነ ራስሽን ጠይቂ። ደግ ምክር ነው። ብቻ መካሪው መርካቶን አያውቅም።

ቅዳሜ ለልብስ ስፌት ትምህርት ልትመዘገብ አብረን ወደ መሳለሚያ ወጣን። የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ነው፤ ብሩ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ያለፈው ዙር መመዝገቢያ ብር ጫማ ሆኖ ቀርቷል። «በዱባይ ተራ እንለፍ» አለች፤ የመርካቶ ጫማ በተደረደረበት። ራሷን ልትፈትን።

አንድ ቀይ ጫማ አነሳች። መለሰችው። ዞር አለች፤ ዓይኗን ጨፍና ተነፈሰች።

«ነይ እንጂ ቆንጆ! ልቀንስልሽ!» አለ ባለሱቁ።

ታውቁታላችሁ፤ እኛ ገበያ ጥሎ መሄድ ማለት መከራከር ነው። እሷ ከራሷ ጋር ትሟገታለች፤ ሰውዬው ከእሱ ጋር መስሎታል። ራቅ ብላ ደግማ ተነፈሰች። ደግሞ ቀነሰ። ተሸካሚዎች «መንገድ! መንገድ!» እያሉ ይገፉናል፤ እሷ ትተነፍሳለች፤ ዋጋው ይወርዳል።

«አንቺ ልጅ፣ ነጋዴ ነሽ እንዴ? እንዲህ የጨከነ ደንበኛ አይቼ አላውቅም!»

«ኧረ ጋሼ፣ የዋጋው ነገር አይደለም። እየተነፈስኩ ነው።»

«ማን ከለከለሽ? ጫማውን ይዘሽ ተንፍሺ!»

ከዚያ የመጨረሻውን ዋጋ ጠራ። እኔ ራሴ ደነገጥኩ። የሜሮን እጅ ወደ ቦርሳዋ ሄደ፤ ዚፑን ይዞ ቆመ።

«ምን ተሰማሽ?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ፍርሃት። ተመዝግቤ ባይሆንልኝስ?»

ዓይኗን ከጫማው ላይ አነሳች። ለካ ይኸ ሁሉ ካርቶን ፍርሃት ኖሯል የታሸገበት። ዚፑን ለቀቀች። «ገበያ ይስጥዎት ጋሼ» ብላ ወደ ኋላ ሳታይ ወደ መሳለሚያ ገሰገሰች።

ተመዝግባ ስትወጣ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቅኳት። ፊቷ በርቷል። ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ፌስታል አየች። ከፈተችው። ቀዩ ጫማ።

«ላንቺ እኮ ይጠብሻል!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ዞር አትዪም ነበር?»

«ብዬ ነበር» አልኳት። «ጠራኝ።»